ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው ሰማያዊ ዓይን፦ ጌጥ ነው ወይስ ጨሌ?

ሰላም ለሁላችሁ። ለንግድ ኢስታንቡል የምትመላለስ ጓደኛዬ ከግራንድ ባዛር የፍሪጅ ማግኔት አመጣችልኝ። ክብ ነው፣ ሰማያዊ ዓይን አለበት፣ ቱርኮቹ ናዛር የሚሉት። ከሥሩ የከተማው ስም ተጽፏል። ደስ ብሎኝ ለጠፍኩት። እሁድ እናቴ ለቡና መጣችና ገና ኩሽና እንደገባች ዓይኗ አረፈበት። ጨሌ በሰቀለ ቤት ቡና አልጠጣም አለች። የምሯን ነው፣ ሳትጠጣ ሄደች።

እኔ ጌጥ ነው ባይ ነኝ። ከሱቅ በጅምላ የተገዛ ዕቃ ማንንም አይጠብቅም፣ ማንንም አይጎዳም። የመልካም ዕድል ምልክት ያለባቸው ማግኔቶች ቤታችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ የፈረስ ጫማም በሉት ድመትም በሉት፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቤተሰብ ሲያይባችሁስ?

(ተጨማሪ፦ የዚህ ውይይት ክር በጣም ስለረዘመ አዲስ የምትገቡ እንዳትደክሙ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። አሳጣሪዋ እኔ ስለሆንኩ አስተያየቴም አብሮ ገብቷል። ያልተመቸው ወርዶ ዋናውን ያንብብ።)

1ኛ። ከሀዋሳ የጻፈ የባጃጅ ሾፌር በትህትና ጀመረ። እናትሽን አትከፊ፣ ግን ዓይኑንም አታውርጂ የሚል ነው። እሱም መስታወቱ ላይ ያቺኑ ሰማያዊ ዓይን አንጠልጥሏል። ቤተሰቦቹ መጀመሪያ አጉረምርመው ነበር፣ አሁን ለምደውታል። ለሱ ከመኪና ሽቶ የተለየ ነገር አይደለም።

2ኛ። ቱርክ አገር የተማረ ሰው ነው፣ የቃላት ቁጥብነት አያውቅም፣ ግን ከክሩ ሁሉ ብዙ ያወቅኩት ከሱ ነው። ናዛር ዕድል ለመጥራት አይደለም አለ። የምቀኛን ዓይን እንዲመልስ ነው የሚሰቀለው። ስለዚህ ከፈረስ ጫማና ከድመት ጋር አንድ ላይ መቁጠሩን አልወደደውም። ከዚያ አሠራሩን ዘረዘረ። ኢዝሚር አጠገብ ናዛርኮይ የምትባል መንደር አለች። ምድጃው በጥድ እንጨት ይነዳል። የቀለጠውን መስታወት በብረት ዘንግ ጫፍ ይጠቀልሉታል፣ ጥቁር ሰማያዊው ላይ ነጭ ጠብታ፣ ነጩ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ። ከተሰነጠቀ የመጣውን ክፉ ዓይን እሱ ተቀብሎታል ብለው ሌላ ይገዛሉ። ለሻጩም ጥሩ እምነት ነው እንግዲህ! ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ግን አብዛኛው ከፋብሪካ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ሬዚን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ከኋላው ትንሽ ጥቁር ማግኔት የተጣበቀበት። እዚያ መንደር አጠገብ አልደረሰም።

3ኛ። ሁለት መስመር ብቻ። ቱርኮችም ቡዳ ይፈራሉ ማለት ነው፣ እኛ ጤና አዳም እያለን መስታወት ምን ያደርግልናል የሚል።

4ኛ። የደሴ ልጅ ነው፣ ጂዳ የሚኖር። የ2ኛውን ማብራሪያ አመስግኖ ትልቁን ነገር ረስተሃል አለው። የሰው ዓይን እውነት መሆኑን እስልምና አይክድም፣ ግን ከዓይን ይጠብቀኛል ብሎ ዕቃ ማንጠልጠል ክልክል ነው። ሰው የሚያምር ነገር ሲያይ ማሻአላህ ይላል፣ ሱረቱል ፈለቅ የሚባለውን የቁርአን ምዕራፍ ይቀራል፣ እዚያ ውስጥ ምቀኛ ሲመቀኝ ካለው ክፋት መጠበቅ ተጠቅሷል። የቱርክ የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ዲያኔትም እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ዓይን ለጥበቃ ብሎ መያዝ አይፈቀድም ማለቱን ጨመረ። ሱቆቹ ግን መሸጣቸውን አላቆሙም። የጂዳው ሙስሊምና የኔ ኦርቶዶክስ እናት ሳይተዋወቁ በአንድ ቃል ሲስማሙ ሳይ ሳቄ መጣ።

5ኛ። ከነታንያ የጻፈች እህት ነች። እስራኤል ውስጥ ፍሪጅ ማለት ማግኔት የተሸከመ ቁም ሣጥን ነው አለችን። እዚያ የተለመደው ሐምሳ ነው፣ ባለ አምስት ጣት እጅ፣ መዳፉ ላይ አንዳንዴ ዓይን ያለበት። አይሁዶች የሚርያም እጅ ይሉታል፣ ሙስሊሞች የፋጢማ። ብዙዎቹ ላይ በዕብራይስጥ የቤት ምርቃት ታትሟል፣ ለአዲስ ቤት ገቢም ጥሩ ስጦታ ነው። ሠርግ ስትሄጂ ፎቶግራፈሩ እዚያው አትሞ ማግኔት አድርጎ ይሰጥሻል። የቧንቧ ሠራተኛው ማግኔት አለው፣ የፒዛ ቤቱም አለው። ከጎንደር የመጡት አያቷ ሐምሳውን ጠልተውት አያውቁም፣ ምክንያቱም ከፒዛው ማስታወቂያና ከልጅ ልጆች ሠርግ መሃል ለይተው አላዩትም። ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። የኔ ፍሪጅ ባዶ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም ዓይኑን ያጎላው።

6ኛ። አንዱ ፒዛው ስንት እንደሆነ ጠየቀ። አለፍነው።

7ኛ። ፍራንክፈርት ያለች ነርስ ናት። ጀርመኖች ለአዲስ ዓመት ዕድል ብለው የሚሰጣጡት አሳማ ነው። ማርዚፓን ከሚባል ጣፋጭ የተሠራ አሳማ አለ፣ የሸክላ አለ፣ የማግኔት አለ። ጭስ ማውጫ የሚጠርግ ሰውና ቀይ ነጠብጣብ ጥንዚዛም አብረው ይመጣሉ። አብራት የምትሠራ አሮጊት ጀርመናዊት ሮዝ አሳማ ሰጠቻት፣ አፉ ውስጥ ባለ አራት ቅጠል ተክል የያዘ። ሴትየዋ ቤቷ ቡና ልትጠጣ መምጣቷ አይቀርም። ሐበሻ እንግዳም መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ አሳማው እንደ እንግዳው ይወጣል ይገባል፣ በሌላው ጊዜ የሚኖረው መሳቢያ ውስጥ ነው።

8ኛ። ድምፁ እዚህ ጋ ተቀየረ። አንድ ሰው ነርሷን በሁለት ቤት ስለመኖር ወቀሳት። የሰው አገር ሄዶ እምነትን መሸጥ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው፣ ዛሬ ማግኔት ነገ ሥጋው ይሆናል አለ።

9ኛ። ነርሷ ራሷ መለሰች፣ በአጭሩ። የአሳማ ማግኔት እንደማይበላ፣ የሌሊት ተራ ጨርሳ የምትጽፍ መሆኗን፣ ለሰውየው እምነትም መልካም ሌሊት እንደምትመኝ። ብዙ ልብ አግኝታለች፣ የኔንም ጨምሮ።

10ኛ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ያለው ሰው ነው። ገንዘብ መቀበያው አጠገብ እጇን የምታወዛውዝ የወርቅ ቀለም ድመት አለችው፣ ቤቱ ፍሪጅ ላይም ትንሿ ማግኔቷ አለች። የቻይና ናት፣ ገበያ ትጠራለች አለ። ጌጥ ናት፣ ጌጥን የሚፈራ ሰው እምነቱ የላላ ነው ብሎም ደመደመ። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

11ኛ። ድመቷ የቻይና አይደለችም፣ የጃፓን ናት የሚል እርማት መጣ። ማኔኪ ኔኮ ነው ስሟ። ቶኪዮ ውስጥ ጎቶኩጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፣ አንዲት ድመት በእጇ ጠርታ አንድን መስፍን ከመብረቅ አዳነች የሚል አፈ ታሪክ የሚነገርበት። ግቢው በነጫጭ የድመት ሐውልቶች የተሞላ ነው። በባትሪ የምትወዛወዘው ወርቃማዋ አብዛኛውን ጊዜ ቻይና ትሠራለች፣ ሰዉ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። በተለመደው አባባል ቀኝ እጇን ያነሳችው ገንዘብ፣ ግራዋን ያነሳችው ደንበኛ ትጠራለች። ባለ ቡና ቤቱ የራሱን ሊያይ ሄደና ተመልሶ ግራ ነው ብሎ ጻፈ። ደንበኛው እየመጣ ገንዘቡ የሚቀረው ለዚህ ነው ብለው ቀለዱበት።

12ኛ። ከክሩ የወደድኩት ይሄኛው ነው። ጃፓን የተማረች ልጅ ድመቷ ለምን ለፈረንጆች የምትሰናበት እንደምትመስልና ለኛ ለምን እንደማትመስል አስረዳች። ጃፓኖች ሰው ሲጠሩ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ያጥፋሉ። እኛም እንደዚያው ነን፣ ልጅን ና ስንል መዳፋችን ወደ መሬት ነው። ፈረንጅ ግን መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ነው የሚጠራው። ለውጭ ገበያ ተብለው መዳፋቸው የተገለበጠ ድመቶች እስከመሠራት ደርሰዋል። ቶኪዮ እንደደረሰች ከጠቅላላው የሱቅ ምልክት ያለ አስተርጓሚ የገባት የድመቷ እጅ ብቻ ነበር።

13ኛ። ደብሊን የሚኖር ሾፌር አየርላንድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ማግኔቶች እንደሚሸጡና ቱሪስቱ እንደሚያደበላልቃቸው ጻፈ። ባለ ሦስት ቅጠሉ ሻምሮክ የአገሪቱ ምልክት ነው፣ ቅዱስ ፓትሪክ ሥላሴን ያስተማረበት ነው ይባላል። የዕድል የሚባለው ባለ አራት ቅጠሉ ነው፣ ብርቅ ስለሆነ። ይኸው ተክል በኛ ደጋ ሜዳ ላይ ሞልቷል፣ ማገጥ እንለዋለን፣ ከብት ሲግጠው እንጂ ሰው ጎንበስ ብሎ ቅጠል ሲቆጥርበት አይቶ አያውቅም።

14ኛ። ለእናቴ ባለ ሦስት ቅጠሉን እንድገዛላት ሐሳብ ቀረበ። ሥላሴ ነው ካልናት ቡናውን ትጠጣለች ነው ነገሩ። አይሠራም፣ እናቴን አታውቋትም።

15ኛ። የፍሪጅ ጠጋኝ ነው፣ መገናኛ አካባቢ የሚሠራ። ሃይማኖቱን ለእናንተ ብሎ ማግኔት ፍሪጅ ያበላሻል፣ ቆጣሪ ያስሮጣል የሚለውን ወሬ ቀበረው። የበሩ ጎማ ውስጥ ራሱ ማግኔት አለ፣ በሩ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋው በሱ ነው። መብራት የሚበላው ያረጀ ጎማና የተዘጋ የአየር መውጫ ነው። ሌላም ነገረን፦ አንዳንድ ስቴንለስ ፍሪጅ ማግኔት አይዝም፣ ኒኬል ያለበት ብረት ስለሆነ። ስለዚህ ማግኔቱ ከወደቀ ጋኔን ገፋው አትበሉ።

16ኛ። ልብ ላይ የሚተከል መሣሪያ ላላቸውስ ብሎ ጠየቀ አንዱ። አንድ ሐኪም መለሰ። የፍሪጅ ማግኔት ደካማ ነው፣ ቢሆንም ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝ አያስፈልግም፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ ይበቃል።

17ኛ። ሐኪሙ በዚያው ቀጠለ፣ ይቺን የልጅ እናቶች እንዳትዘሏት። አደገኛዎቹ ዓይን ወይም ድመት የተሳለባቸው አይደሉም። ኒዮዲሚየም የሚባሉት ትንንሽና በጣም ኃይለኛ ማግኔቶች ናቸው። ልጅ ሁለት ሦስት ከዋጠ አንጀት ውስጥ አንዱ ሌላውን ፈልጎ ይጣበቃል፣ መሃሉ ላይ የተያዘው የአንጀት ግድግዳ ደም አጥቶ ይበሳል። ቀዶ ጥገና ነው። ልጅ ማግኔት መዋጡ ከተጠረጠረ እስኪወጣ መጠበቅ የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል። ከጌጡ ኋላ የተጣበቀውን በየጊዜው ነካ ነካ አድርጉት፣ ሙጫው ከለቀቀ ጣሉት። ሃምሳ መልስ ስለ ክፉ ዓይን ከሚጻፍ ይሄ አንድ መልስ ይበልጣል ባይ ነኝ።

18ኛ። ከዚህ ወዲያ ነው ክሩ የጋለው። አዲስ አበባ ውስጥ የስጦታ ዕቃ የምትነግድ ሴት ገባች። ማግኔት ከቻይናዋ ዪዉ ታስመጣለች፣ እዚያ የፈለግሽውን ሥዕል ልከሽ ያትሙልሻል። በብዛት በአውሮፕላን ሲጫን የማግኔቱ ኃይል ይመረመራል፣ ምክንያቱም ኮምፓስ ያውካል። ይሄንን በደንብ አስረድታ ሐሳቧን ጣለች። የቱርኩን ዓይን ከምንለጥፍ የራሳችን ዓይን አለን። በብራና ክታቦቻችን ላይ ያሉት ትልልቅ ዓይኖች፣ መሃሉ ፊት ያለበት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ እነዚያን ማግኔት አድርጋ ለቱሪስትና ለዳያስፖራ ልትሸጥ ነው። የትኛውን ትገዛላችሁ ብላ ጠየቀች።

19ኛ እስከ 23ኛ። እነዚህን አንድ ላይ ልጨርሳቸው። ነጋዴዋ በአምስት መልስ ተቀጠቀጠች። ደብተራ ነሽ የሚል አለ። ቤት ልታፈርሺ ነው የሚል አለ። ያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ባለ ድመት፣ ጌጥን የሚፈራ እምነቱ የላላ ነው ያለው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በእሳት አትጫወቺ ብሎ ጻፈ። የሀዋሳው ባለ ባጃጅም እሱን ደገፈ። የቱርክ ዓይን ሲሆን የመኪና ሽቶ፣ የኛ ዓይን ሲሆን እሳት። እኔ ገብቼ ይሄንኑ ስጠይቅ ባለ ቡና ቤቱ የቱርኩን አላምንበትም፣ የኛን ግን አውቀዋለሁ አለኝ። እንግዲህ እናቴ ያለችው ይሄንኑ ነው፤ እሷ ሰማያዊዋ ዶቃ የማን አገር መሆኗን አልጠየቀችም፣ ስለምታውቃት ፈራቻት። እሱ ጌጥ የሚፈራውን እምነቱ የላላ ብሎ እሱ ራሱ እዚያው ቆሞ ተገኘ። መልስ አልሰጠኝም።

24ኛ። መሃል ላይ አንዱ ኔቫዳ ውስጥ ከ35,000 በላይ ማግኔት ሰብስባ ክብረ ወሰን ስለያዘች ሴት ጽፎ ነገሩን ሊያበርድ ሞከረ። አልበረደም።

25ኛ። አንድ አዛውንት ጻፉ። የቆሎ ተማሪ የነበሩ፣ ኋላ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። ነጋዴዋን ልጄ እያሉ ነው ያናገሯት፣ ግን አልደገፏትም። ክታብ በጅምላ አይሠራም አሉ። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ይፋቃል፣ ርዝመቱ የባለቤቱ ቁመት ያህል ይሆናል፣ የክርስትና ስሙ በጸሎቱ መሃል በቀይ ቀለም ይገባል። ሴት ከሆነች፣ በተለይ ልጅ የሚሞትባት ከሆነች፣ ብዙ ጊዜ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ይጻፍላታል፣ ልጆች ትገድላለች የምትባለውን ወርዘልያን በጦር ሲወጋ ከነፈረሱ ይሳላል። ቤተ ክህነት ሁሉንም አልወደደችውም፣ ሕዝቡ ግን ይዞት ኖሯል። ስለዚህ ነጋዴዋ አንዱን ክታብ ፎቶ አንስታ ብታትም የአንዲትን እናት ስምና የአንዲትን እናት ጭንቀት ነው ፍሪጅ ላይ የምትለጥፈው። የቱርኩ ዓይን የማንም አይደለም፣ ይሄ ግን የሰው ነው። ኮከቡንና ዓይኑን ለብቻው ሠዓሊ አዲስ አድርጎ ቢሥለው ግን እሳቸው ቅር አይላቸውም።

በዚህ ክር ላይ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ዕቃው ባለቤት ያነሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ በሙሉ አልተስማማሁም። የውጭ አገር ሙዚየሞች ክታቦቻችንን ስም ከነጸሎቱ ይዘዋል፣ እነሱን ማንም እሳት አላላቸውም።

26ኛ። አንድ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ጠልሰሙን፣ ማለትም የክታቡን ሥዕል፣ በዘመናዊ ሥዕል፣ ቀርከሃ ላይ ሳይቀር፣ ሲጠቀምበት እንደኖረ አስታወሰ። መንገዱ የተከፈተ ነው፣ ከዪዉ በፊት ሠዓሊ ጋ ሂጂ አላት።

27ኛ። 8ኛው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። አዛውንቱንም ገሰጻቸው። ሰዉ በአንድ ቃል ተነሳበት፣ የመድረኩ ተቆጣጣሪም ሦስት መልሶቹን አነሳ። የተነሱትን አላሳጥርም።

28ኛ። ነጋዴዋ ክታቡን ትታዋለች። የላሊበላ መስቀል፣ ጀበናና የአንበሳ ማግኔት ልታሳትም ነው። ወዲያው ነርሷ መስቀሉን የቢራ መክፈቻ ባለበት ማግኔት ላይ እንዳታደርጊው አለቻት፣ ፍራንክፈርት ውስጥ እንደዚያ ያለ አይታ አዝናለች። ነጋዴዋ መክፈቻውን ለአንበሳው እንደምትሰጠው ቃል ገባች።

29ኛ። የት ይገኛል ለሚለው፦ ቸርችል ጎዳና፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች። የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ፣ አምስት ስትገዙ ቀንሱ በሏቸው።

30ኛ። የፍሪጅ ጠጋኙ በሁለት እጅ ያልዞረ፣ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው ካለ በውስጥ መስመር እንዲያናግረው ጠየቀ። ከ31ኛ ጀምሮ ያለው ሁሉ ስለ ፍሪጅ ዋጋ ነው፣ ወደ ሽያጭ ክፍል ተዛውሯል።